የወፍጮ ቤቱ ኦፔራ

ሶፊን የማታውቋት ከሆነ አሰላን አታውቋትም። በገበያ ቀን ድንች ተራው መሃል ዓይኗን ጨፍና የቆመች፣ አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ልትላጨው ትንሽ የቀራት፣ ሃምሳ ዓመት የዘለለች ሴት ካያችሁ እሷ ናት። አትደንግጡ፣ አልታመመችም። ድምፅ እየመረጠች ነው። ሌላው ሰው ድንች ይመርጣል፤ እሷ ድንች ሻጮቹን ትመርጣለች።

እኔንም የመረጠችኝ እንደዚያው ነው። ሙሉዬ እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈታትን የጨርቅ ሱቅ ይዤ ነው የምኖረው። አንድ ቀን ከአንዲት ነዝናዛ ደንበኛ ጋር በመጋረጃ ጨርቅ እየተጨቃጨቅን «እንዴ! ሱቁን ከነመደርደሪያው ለምን አትወስጂውም?» ብዬ ስጮህ፣ ሶፊ ደጃፉ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ደንበኛዋ ተቆጥታ ስትወጣ እሷ ገባች።

«ያቺን የመጨረሻዋን እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ።

«የቷን?»

«ለምን አትወስጂውም ያልሽውን። ከሆድሽ ነው የወጣው።»

አይ እቴ፣ ይቺ ሴት ለየላት አልኩ። በሳምንቱ ግን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሌሎች ከለየላቸው ሰዎች ጋር ተሰልፌ አፌን ከፍቼ ነበር። እስከ ዛሬም አልዘጋሁትም፤ ባሌን ጠይቁት።

ወፍጮ ቤት ስላችሁ የሚፈጭበት እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ! ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። የሶፊ አያት ሙሴ ኮስታስ የሚባል ግሪክ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የወፍጮ ሞተር በካሚዮን ጭኖ ሁሩታ ገባ። እዚያ ባላምባራስ ሣህሌ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሐመልማል የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። የባላምባራስ ልጅ መቼም ወፍጮ ቤት አትሄድም፤ ለዚያ ሠራተኛ አለ። ሐመልማል ግን «ዱቄቱ ሸካራ እየሆነ አስቸገረ፣ ራሴ ቆሜ አስፈጫለሁ» ብላ መመላለስ ጀመረች። የዚያን ዓመት የሁሩታ ዱቄት እንደዚያ የላመው በምክንያት ነው ይባላል። በመጨረሻ ሰርግ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ጠፍታ ሙሴው ቤት ገባች።

አባትየው ተከትለው መጡ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ልጃቸውን ረገሟት። «ደጄን አትርገጪ! እልልታሽ ይድረቅ! ካንቺ የምትወለድ ሴትም እልል ልትል አፏን ስትከፍት ድምፅ አይውጣት!» አሉና መሬቱን በዘንጋቸው መትተው ሄዱ። ሙሴ ኮስታስ ሞተሩንም ሚስቱንም ይዞ አሰላ መጣና ይቺን ወፍጮ ቤት ከፈተ።

እርግማኑ ሠራ ወይ? እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ ጨርቅ ነው የምሸጠው። የማውቀውን ልንገራችሁ። ሐመልማል ከዚያ ቀን በኋላ እልል ሳትል ሞተች። ልጇ እትዬ አሰፋች፣ ማለት የሶፊ እናት፣ በዕድሜያቸው እልል ብለው አያውቁም። ጎረቤታችን ናቸው። ሰርግ ሲሆን ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሽንኩርቱን ይከትፋሉ፣ ወጡን ያማስላሉ፤ ሙሽሪት ስትወጣ ሴቱ ሁሉ እልል ሲል ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ሞክሬ ባይወጣልኝስ ብለው ነው የሚፈሩት። ካልሞከሩት እርግማኑ መያዙን አያውቁትማ። ሶፊ ስትወለድ እንኳ ለሴት ልጅ የሚባለውን ሦስቱን እልልታ ያለችላት የኔ እናት ናት።

እንግዲህ እንደዚያ ካለ ቤት ነው ይቺ ሴት ዜማ ደራሲ ሆና የወጣችው። ወፍጮ ቤቱ በደርግ ጊዜ ሲወረስ የቀረላቸው አንድ አኮርዲዮን ነበር፤ ሶፊ ከሱ ጋር አደገች። እናቷ «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» ሲሏት እሷ ይበልጥ ታስጮኸዋለች። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ ሙዚቃ ተማረች፤ ከዚያ የአያቷ ዘመዶች አቴንስ ወሰዷት። መጀመሪያ ለኦፔራ ዘፋኞች መለማመጃ ፒያኖ ትመታ ነበር። ቀስ በቀስ የራሷን መጻፍ ጀመረች። ከጓደኞቿ ጋር ቡድን አቋቋመች፤ አዳራሽ ስለሌላቸው በተዘጋ የዘይት መጋዘን ውስጥ ሠሩ፣ በመርከብ እየተጫኑ ደሴት ለደሴት ዞሩ። ደራሲዋም እሷ፣ ዳይሬክተሯም እሷ። «ዳይሬክተር ማለት ወንበር ተሸካሚ ማለት ነው» ትላለች። አገሩ ኑሮው ሲናጋበት ቡድኑ ተበተነ፤ ዘፋኙ አስተናጋጅ ሆነ፣ ቫዮሊን መቺዋ ጀርመን ገባች። በዚያው ሰሞን እትዬ አሰፋች ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸውን ተሰበሩ። ሶፊ ለአንድ ወር ብላ መጣች። ይኸው ወሩ አላለቀም።

እናቷ በከዘራ መሄድ ሲጀምሩ እሷ ወፍጮ ቤቱን ተከራይታ፣ ጠርጋ፣ በሩ ላይ «ጭላሎ ኦፔራ» ብላ ጻፈች። ከተማው ተንጫጫ። «አሰላ ሯጭ እንጂ ዘፋኝ አታበቅልም» ያላት ብዙ ነው። እኔም ጠየቅኋት።

«ምንድን ነው ይሄ ኦፔራ የምትይው?»

«ሰው ሲዋደድም፣ ሲጣላም፣ ሲሞትም እየዘፈነ ነው።»

«ሲሞትም?»

«ሲሞትማ ባሰበት!»

ወይ ጉድ! ሰው እየሞተ ዘፈን! ግን ዘፋኞቿን ስታመጣ አመጣጧ ገረመኝ። ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ባንድ አልፈለገችም። ለእንጀራው የሚጣራውን ሰው ነው የሰበሰበችው። ብሩክን «አዳማ! አዳማ! ሁለት ሰው የቀረው!» ሲል ከሚኒባስ በር ላይ አወረደችው። ነቢላ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ልጆቹን ፊደል ስታስቆጥር በአጥር ሰምታ ነው ያገኘቻት። አባቷ ከአቦምሳ ከብት የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። «ልጄ አዝማሪ ልትሆን?» ብለው ሊወስዷት መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ራሳቸው ወንበር ይዘው መጡ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልግባ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ይጠሩ ነበር። ማይክ የለ፣ ምን የለ። «አቶ እገሌ እገሌ!» ብለው ሲጣሩ ያልተከሰሰውም ይመጣ ነበር። እንዲያ ያለ ድምፅ እግዜር ለሁለት ሰው አይሰጥም። ሶፊ ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን ከሩቅ ነው። ምክንያቱም ጋሽ ኃይለመስቀል የዚያ የባላምባራስ ሣህሌ የልጅ ልጅ ናቸው። የበኩር ልጃቸው ልጅ። የዚያ ቤት ታላቅ ዛሬ እሳቸው ናቸው።

እትዬ አሰፋችና እሳቸው እንግዲህ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። አንድ ከተማ ኖረው፣ አንድ ገበያ ገዝተው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ጠብ የላቸውም እኮ! ማን ይቅደም ነው። እሳቸው፣ «ልጅቱ ናት የጠፋችው፣ ሽማግሌ ይላኩ» ይላሉ። እትዬ አሰፋች፣ «የተረገምኩት እኔ፣ ሽማግሌ የምልከው እኔ?» ይላሉ። በዚህ በዚህ ሁለቱም ሸበቱ።

ሶፊ ግን ሄደች። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ የሚሆነውን ሳላይ ብቀር ያመኝ ነበር። ደጃቸው ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ድምፅዎን ፈልጌ ነው» አለቻቸው።

በሩን ገርበብ አድርገው ጠየቋት። «ድምፁን ነው ሰውዬውን?»

«ድምፁን።»

«ድምፁን ውሰጂው። ጡረታ ወጥቷል፣ ሥራ የለውም» አሏት። ስለ ዝምድናው እሷም አላነሳች፣ እሳቸውም አላነሱ።

በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሁለት ጎረቤታሞች የገብስ ውቂያ ጠብ አስቂኝ ነገር ሠራን። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የሙሴዋ ልጅ ቲያትር» እያለ ከሁሩታም ከኦጎልቾም መምጣት ጀመረ። እኔ የተቆጣች ሚስት ሆኜ ነው የሠራሁት፤ ባሌ ምንም አዲስ ነገር አላየሁበትም አለ። ተለመድን። ብሩክ ሚኒባሱ ላይ እንኳ እየዘፈነ ነበር የሚጣራው።

በሁለተኛው ዓመት ሶፊ አንድ ወፍራም ኖታ ይዛ መጣችና «ሐመልማል» ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአያቷን ታሪክ ነው የጻፈችው። ነቢላ ሐመልማልን፣ ብሩክ ሙሴ ኮስታስን፤ እኛ ገበያተኛ። «አባትየውን ጋሽ ኃይለመስቀል» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሁላችንም እናውቃለን፤ የአሰላ ሰው የማያውቀው ምን አለ? የልጅ ልጅየው በአያታቸው ቦታ ቆመው፣ ያንኑ እርግማን፣ በዚያ ድምፅ ሊያወጡት ነው።

«እርግማኑን ቃል በቃል ነው የጻፍሽው?» አሏት ጋሽ ኃይለመስቀል።

«ቃል በቃል።»

«እኔ በአፌ አልራገምም።»

«ጋሼ፣ ቲያትር እኮ ነው።»

«እርግማን ቲያትር አያውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ሱቄ ድረስ ጎትቼ አስገባኋትና ጮህኩባት። «ሰውየው እውነታቸውን ነው! ምን አስበሽ ነው?» አልኳት። ያኔ ነው የሆዷን ያወጣችልኝ። «ሙሉዬ፣ እናቴ እርግማኑን በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። ሳትወለድ የተባለ ነገር ነው። በሹክሹክታ ነው ያሳደጓት። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ ሲባል ትስማው። ቃል መሆኑን ትየው፤ ቃል ብቻ። ተብሎ ሲያልቅ ጣሪያው እንደማይወድቅ ትየው። ያለዚያ አፏን እንደሸፈነች ትሞትብኛለች» አለችኝና አለቀሰች። ሶፊ ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እኔም ምን ልበል፣ ጨርቅ ቀድጄ ሰጠኋት፣ ዓይኗን ጠረገችበት። ጥሩ ፖፕሊን ነበር።

እትዬ አሰፋች ጋ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነው። «ልጄ ምን በደልኳት?» አሉኝ። «ሳልወለድ አንዴ ተረግሜ ይኸው በሱ ኖርኩ። አሁን ደግሞ በዚያ ሰውዬ አፍ ሁለተኛ ልታስረግመኝ? እግሬን አላነሳም በያት!» ልጅቱ ላድናቸው ትላለች፣ እናትየው ልትገድለኝ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም የሚሉት ለኔ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው አያችሁ? እኔ ነኝ።

ልምምዱ ቀጠለ። ሙዚቃው፣ በሞቴ፣ አጥንት ይሰብራል። ከበሮው እንደ ወፍጮ ሞተር ዱግ ዱግ ይላል፣ ማሲንቆው ላዩ ላይ ያለቅሳል፣ ሶፊ በኪቦርዷ መሃሉን ትይዛለች። ብሩክ ግሪክኛ ሰላምታ ተምሮ ተሳፋሪውን «ካሊሜራ!» እያለ ማስደንገጥ ጀመረ። ሁሉም ነገር አማረ፤ እርግማኑ ጋ ስንደርስ ብቻ ጋሽ ኃይለመስቀል አፋቸውን ገጥመው «ህምምም ህምምም» እያሉ ዜማውን ብቻ ያወጡታል። ሶፊ እርሳሷን ትወረውራለች።

«ጋሼ፣ ቃሉ!»

«ቃሉን በዕለቱ።»

«በዕለቱ ይሉታል?»

«የምለውን በዕለቱ እላለሁ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ ያን ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። «ሶፊ፣ እኚህ ሰውዬ አንድ ነገር አስበዋል» ብላት «ዝም በይ፣ የገበያተኞቹን ኮረስ ታበላሻለሽ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ያለ ልማዴ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ቀኑን የቆረጠችው በሁዳዴ ነበር። ሽማግሎቹ «በጾም ዘፈን? አቴንስ አይደለሽም!» ብለው ጮሁባትና ዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ ከሰዓት ሆነ፤ ሰርጉ ሁሉ የሚጀምርበት ሰሞን። ከእድሩ አግዳሚ ወንበር ተዋስን። ሰው ከማን አንሼ ብሎ ጎረፈ፤ ከተሜው፣ ገበሬው፣ የነቢላ አባት ከነወዳጆቻቸው፣ ጋቢ የደረቡ የኦሮሞ ሽማግሎች፣ አራስ ሳይቀር። ቦታ ሲጠብ ወጣቱ ጣሪያው ማገር ላይ ወጣ። እትዬ አሰፋች የሉም። ሶፊ በሩን አንዴ አየችና ጀርባዋን ሰጥታ ኪቦርዷ ላይ ተቀመጠች።

ተጀመረ። ነቢላ ዱቄቱ ሸካራ ነው እያለች ስትዘፍን ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ብሩክ ዱቄት ነስንሶባት «ካሊሜራ» ሲላት አንዱ ሽማግሌ «አይ ይሄ ፈረንጅ!» አሉ ጮክ ብለው። እኔ ከገበያተኞቹ ጋር ቆሜ እየዘፈንኩ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ከዘራ ቀድሞ ገባ። ከዚያ እትዬ አሰፋች። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በሩ ሥር፣ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ኋላ እንደነገሩኝ «በግድግዳ ከምሰማው ፊት ለፊት ልስማው» ብለው ነው። እኔ ግጥሙ ጠፋኝ። አጠገቤ ያለችው ቆነጠጠችኝ።

እዚያው አካባቢ የተቀመጡት ሴቶች አዩዋቸው። ሹክሹክታው እንደ ዝናብ ወደ ፊት መጣ። ሶፊ ብቻ አላየችም።

ከበሮው ቆመ። ጋሽ ኃይለመስቀል ነጭ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው ወጡ። ነቢላ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሶፊ ያንን ጥቁር ድምፅ መታችው፤ እርግማኑ የሚመጣበትን። ሰውየው ዘንጉን ወደ ላይ አነሱ። ዓይናቸው በሰዉ ላይ አልፎ በሩ ጋ ሲያርፍ አየሁ።

ዘንጉ መሬቱን አልመታም። ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ወለሉ ላይ አስተኙት። ከዚያ እንደ ድሮው፣ እንደ ፍርድ ቤቱ በር፣ ተጣሩ።

«ሐመልማል ሣህሌ!»

ማንም አልመለሰም፤ ማን ይመልሳል፣ ሞታለች። ሶፊ እጇን ኪቦርዱ ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ኖታው ላይ የለማ!

«ሐመልማል ሣህሌ!» አሉ ሁለተኛ። ሦስተኛ ሲጣሩ ስሙን ቀየሩት።

«አሰፋች ኮስታስ!»

እናንተ! የፍርድ ቤት ጥሪ ለሚያውቅ ሰው መልሱ አንድ ነው። ከበሩ ሥር፣ ከጆንያው ላይ፣ ቀጭን ድምፅ «አቤት!» አለ። ሶፊ ያኔ ዞረች። እናቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ጋሽ ኃይለመስቀል ያንኑ የእርግማኑን ዜማ፣ ሲያንጎራጉሩት የከረሙትን፣ አወጡት። ቃሉ ግን ሌላ ነው።

«ከአያቴ አፍ የወጣውን እኔ በአፌ መልሻለሁ!»

ሰው ለአንድ አፍታ ተደናገረ። ከዚያ ምርቃት መሆኑ ገባው። በኛ አገር አዛውንት መርቆ ዝም የሚል አለ? ቲያትር መሆኑን ማን አስታወሰው! ቤቱ ሙሉ «አሜን!» አለ።

«ለሐመልማል የተዘጋው ደጅ ለአሰፋች ይከፈት!»

«አሜን!» የኦሮሞ ሽማግሎቹ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው «ሃ ታኡ!» አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። የነቢላ አባትም «አሚን!» አሉ። ማገሩ ላይ ያለው ወጣት ሁሉ አለ።

ሶፊን አየኋት። ፊቷ መጀመሪያ በንዴት ቀላ። ስንት ዓመት የጻፈችው፣ ለእርግማኑ ያስቀመጠችው ረጅም ዝምታ፣ ሁሉም ገደል ገባ። ልትነሳ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛው «አሜን» ሲመጣ ግን ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፤ ያ ከድንች ተራ የማውቀው አቋሟ። በሦስተኛው እጇ ወረደ። ከሰዉ «አሜን» ሥር ገብታ ተሸከመችው። ጋሽ ኃይለመስቀል ሲሉ እሷ ትጠብቃቸዋለች፣ ሰው ሲመልስ እሷ ታነሳዋለች፤ ከበሮውም ገባ፣ ማሲንቆውም ገባ። አንድም ሰው ያልተለማመደው ነገር እንዲያ ሲሰምር አይቼ አላውቅም።

«ልጅሽ ትባረክ!»

«አሜን!»

«እልልታሽ ይለምልም!»

«አሜን!»

አለቀ። ሙዚቃውም ቆመ። ከምርቃት በኋላ ደግሞ ሴት እልል ትላለች፤ ደንቡ ነው። ግን አንዲት ሴት አፏን አልከፈተችም። ቤቱ ሙሉ ሴት፣ ሁሏም አንገቷን አዙራ ወደ በሩ። ነቢላ ተንበርክካ እንዳለች ወደ በሩ። እኔ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶብኝ ነበር፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ያን ያህል ዝም ማለቴን አያምንም። በእጄ አፌን ያዝኩት።

እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አምላኬ፣ አልኩ፣ አሁን እንዳትተዋቸው። ሶፊ በአንድ ጣቷ አንዲት ድምፅ ነካች፤ ቀጭን፣ ከሩቅ የምትሰማ። እትዬ አሰፋች ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ከፈቱ።

«እል... እልል...» አለ፤ የዛገ በር ሲከፈት እንደሚለው። ከዚያ ለቀቀ። «እልልልልልል!»

ሌላውን ምን ልንገራችሁ? ጣሪያው የቀረው በእግዜር ቸርነት ነው። ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው፣ እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ፣ ነቢላ አልቅሳ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ጋሽ ኃይለመስቀል ከመድረኩ ወርደው፣ በሰው መሃል አልፈው፣ እትዬ አሰፋች ፊት ቆሙ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ሦስት አራቴ፣ ሰው ተው እስኪላቸው።

ሰው ሲበተን ሶፊ በሩ ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ የጻፍኩትን አላሉም።»

«አላልኩም።»

«ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ይልካሉ ብዬ ስጠብቅ አረጀሁ። እናንተ ኦፔራ ላካችሁብኝ። ታዲያ በኦፔራ አልመልስ?»

ሶፊ ልትቆጣም፣ ልትስቅም ሞክራ ሁለቱም አልሆነላትም። እጃቸውን ስማ ገባች።

ኖታውን እንደገና ጻፈችው። እርግማኑ ወጥቷል፤ በሱ ቦታ ጥሪው፣ «አቤት»ና «አሜን» ገብቷል፤ የሰዉ ክፍል ብላ ባዶ ቦታ ትታለታለች። በየቦታው እንድናሳይ እየተጠራን ነው። ለመጀመሪያው ጉዞ የመረጥነው ሁሩታን ነው፤ በባላምባራስ ሣህሌ ግቢ ውስጥ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል ራሳቸው ደጁን ሊከፍቱ። እትዬ አሰፋች አሁን የቡድኑ አባል ናቸው። አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱንም ለማንም አያካፍሉም።

ባለፈው እሑድ ስንለማመድ እልልታው ሲመጣ ማሲንቆውንም፣ እኛንም፣ ሁሉንም ዋጠው። ሶፊ እጇን አነሳችና አስቆመችን።

«እማዬ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ሌላው እንዲሰማ ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»

እትዬ አሰፋች ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሰባ ዓመት ዝቅ አድርጌው ነበር፤ ተይኝ!» አሏት።

ሶፊም የኪቦርዱን ድምፅ ከፍ አደረገችው።